የተለወጠ ሞተር ሐሰት አይደለም

ስለ ቅርስ ስናወራ ዐይናችን ቶሎ የሚያርፈው በድንጋይ፣ በብራናና በወርቅ ላይ ነው። ሐውልቱን፣ መጽሐፉን፣ ዘውዱን እናያለን። የጠረበውን፣ የፋቀውን፣ የቀጠቀጠውንና የጠገነውን እጅ ግን አናይም። ይህ ልማድ በመካከላችን ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚያሳይ አንድ ክርክር በቅርቡ ገጥሞኛል። ክርክሩ የተነሣው በአንድ አሮጌ መኪና ምክንያት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከመኪናው አልፎ የሚሄድ በመሆኑ፣ መምህሩም፣ የባህል ሠራተኛውም፣ ከያኒውም አቋም ሊይዙበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ፣ የፊት መስተዋቱ ለሁለት የተከፈለ የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ሞተር ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰብሮ፣ በምትኩ ከአንዲት ቮልስ የወረደ ባለ 1600 ሞተር ገብቶለታል። ያም ሞተር በተራው አርጅቶ ዘይት መብላትና መንኳኳት ሲጀምር፣ መምህሩ መኪናውን ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ሰጥተው ሞተሩ ከሥር ጀምሮ እንዲታደስ አደረጉ። ሲወርድ፣ ሲፈታ፣ ሲለካና ሲገጠም ለሳምንታት እየተመላለስሁ አይቻለሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ኮምቢውን ለአንድ የአሮጌ መኪናዎች ትርዒት ሲያቀርቡ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ የሞተሩ ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ስለማይስማማ መኪናው ቅርስ ሊባል አይችልም የሚል። ከዳኞቹ አንዱም «ቆንጆ ውሸት ነው» ሲሉ ጨመሩበት።

እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው፤ ውሸቱ ያለው በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በፍርዱ ውስጥ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ምን ይመሰክራል?

የቁጥር ጠበቆች ዋና መከራከሪያቸው «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ነው። የመጀመሪያው ሞተር ከሌለ መኪናው የለም ይላሉ። እንግዲህ የኮምቢውን ታሪክ እንጠይቅ።

ሆላንዳዊው ነጋዴ ቤን ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ሣጥን መሳይ መኪና ነደፈ። በ1950 ዎልፍስቡርግ ላይ መመረት ሲጀምር የተገጠመለት ሞተር 1131 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቱም 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ከዚያ 1200 መጣ፤ ከዚያ 1500፤ ከዚያ 1600፤ በ1970ዎቹም እስከ 2000 የሚደርስ ሌላ ዐይነት ሞተር ገባለት። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ይኸው መኪና ከ1957 እስከ 2013 መጨረሻ ተመርቷል። በ2005 መገባደጃ ላይ የብራዚሉ ፋብሪካ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር አውጥቶ በውኃ የሚቀዘቅዝ 1400 ሞተር ከተተበት፤ ከፊቱም ራዲያተር ሰካለት። ስሙ ግን ኮምቢ እንደ ሆነ ቀረ። ፋብሪካው ሲያደርገው «እድገት» የሚባለው፣ የጋራዥ ሰው ሲያደርገው «ውሸት» የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚህም የባሰ አለ። ቮልስዋገን ያረጁ ሞተሮችን ተቀብሎ በታደሱ ሞተሮች የመለወጥ ሥራን ገና ከጅምሩ የድርጅቱ አካል አድርጎት ነበር። በ1958 የተከፈተው የካሰል ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው ሞተሮችን በማደስ ነው። ሞተሩ ከማርሽ ሣጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነው፤ በቀላሉ ወርዶ በቀላሉ እንዲወጣ ሆኖ ነው የተነደፈው። እንግዲህ መኪናውን የፈጠሩት ሰዎች ሞተሩ እንደሚለወጥ ያውቁ ነበር፤ ለዚያም አዘጋጅተውታል። የማያውቁት የእኛ ዳኞች ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ ተጭነው ሲወጡ፣ ያን ቀን ታሪክ ያደረገው የሞተሩ ቁጥር አልነበረም። መኪና ታሪክ የሚሆነው ከሰው ሕይወት ጋር ሲገናኝ ነው። የመምህሩ ኮምቢ ከሰው ሕይወት ጋር የተገናኘው ደግሞ በመጀመሪያው ሞተር ብቻ ሳይሆን፣ በሁለተኛውም ሞተር በተጓዘባቸው ዓመታት ጭምር ነው። ሁለተኛውን ሞተር መካድ እነዚያን ዓመታት መካድ ይሆናል።

ቅርጽና ይዘት

በሥነ ጽሑፍና በሥዕል መስክ ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት ብዙ ቀለም ፈስሷል። ያ ክርክር እዚህም አለ። በዚያው ትርዒት ላይ የተመሰገነ ሌላ መኪና አይቻለሁ። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ቸርኬው ነጭ ነው፤ የሞተሩ ቁጥርም ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። ወደ ትርዒቱ የመጣው ግን በጭነት መኪና ተጭኖ ነው፤ ሞተሩ አይነሣምና። ሽልማቱን ያገኘው እሱ ሆነ። በራሱ ጎማ ከተማውን አቋርጦ የመጣው የመምህሩ ኮምቢ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ይዘት የሌለው ቅርጽ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ከላይ ቀብቶ ከውስጥ ያልከፈተ ጥገና፣ ቤት የሚመታ ነገር ግን ምንም የማይል ግጥም ነው። ሞተር የሚባለው ነገር ሥራው መሥራት ነው። የማይሠራ ሞተር ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ብረት ነው፤ ከብረቱ ቅርስ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

የተናቀችው ላሜራ

«መካኒክ ጠጋኝ እንጂ ፈጣሪ አይደለም» የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ሞተር ሲታደስ ቁመው አላዩም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራቸው።

የሞተሩ ቤት ከማግኒዝየም ቅይጥ የተሠራ፣ እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት የሚከፈል ነው። በውስጡ ክራንክ ሻፍቱ በአራት ዋና ብሮንዚናዎች ላይ ይሽከረከራል። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ። መካኒኩ ሁሉን ፈትተው፣ በቤንዚን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደሩት። ከዚያ መለካት ጀመሩ። የክራንክ ሻፍቱ አንገት ተበልቷል፤ ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ በሩብ ሚሊ ሜትር ተሞረደ፤ በዚያው ልክ የሚወፍር ብሮንዚናም ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ተገኘ። ቴስታታው በቫልቮላው መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ተሰንጥቆ ስለ ነበር ተጥሎ በሌላ ተተካ። ፒስተኑና ሲሊንደሩ 85.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው አዲሶች ተለወጡ፤ ፋሻዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ገቡ።

ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስባት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን አለባት። ይህ የአንድ ጠጉር ውፍረት ያህል ነው። ከበዛች ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከጠበበች ይነክሳል። ክፍተቷ የምትወሰነው ከቮላኖው በስተጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። ሽማግሌው ቀለበቶቹን እያወጡ እያስገቡ፣ ትልቁን ባለ 36 ዳዶ እያጠበቁ እየፈቱ፣ ግማሽ ቀን ዋሉበት። «ጋሼ፣ አይበቃም?» ስላቸው «ብረቱ በቃኝ ሲል ይበቃል» አሉኝና ቀጠሉ።

ይህ ሁሉ በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈ ነው ይባል ይሆናል። እሺ፤ በመጽሐፉ ያልተጻፈውን ደግሞ እንይ። መኪናው የ1965 ስለ ሆነ መብራቱ በ6 ቮልት የሚሠራ ነበር፤ ቮላኖውም 109 ጥርስ ይኖረው ነበር። የገባለት ሞተር ግን የ12 ቮልት ዘመን ነው፤ ቮላኖው 130 ጥርስ ያለውና ስፋቱም የሚበልጥ ነው። እንዲሁ ቢገጠም የማርሽ ሣጥኑን ቤት ይፍቃል፤ የድሮውም ሞተሪኖ ከጥርሱ ጋር አይናከስም። ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው በመዶሻና በችኮላ ያለፈውን ቦታ፣ ሽማግሌው በሞረድ ጥቂት በጥቂት እየላጉ አስተካከሉት፤ ለአዲሱ ሞተሪኖም ማስገቢያ ቡሽ በቶርኖ አስወጡለት። ሁለት ዘመናትን ማስማማት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። ያ ሞተር ስምንት መቶ ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ቮልስ ሲጎትት ኖሮ፣ አሁን ባዶውን ከአንድ ቶን በላይ የሆነ ኮምቢ ጎትት ተብሏል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲደክም ይግላል፤ ሲግል ይሞታል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚታወቅ ሕመምተኛ ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ተገትሮ አየሩን ስለሚከለክለው።

ሽማግሌው ሞተሩን ገና እንዳወረዱ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፒስተኑ አልነበረም። «ላሜራዎቹ የት አሉ?» ነበር ያሉት። ከሲሊንደሮቹ ሥር የምትገባ፣ አየሩን ይዛ በብረቱ ዙሪያ የምታዞር አንዲት የታጠፈች ላሜራ አለች። ሞተሩን ከመኪናው ወለል ጋር የሚያጋጥሙ፣ ከታች የሚወጣው ግለት ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከላከሉ ሌሎች ላሜራዎችና የጎማ ጠርዞችም አሉ። አብዛኛው ጠጋኝ «ትርፍ ናት» ብሎ ይጥላታል፤ በዚህም መኪና ላይ ተጥላ ነበር። «ይችን ላሜራ የጣለ ሰው ሞተሩን ጣለ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ከአሮጌ በርሜል ቆርጠው፣ ከሌላ ሞተር ላይ ቅርጿን ወስደው፣ በእንጨት መዶሻ እያጠፉ አዲስ ሠሩ።

ሦስተኛው ችግር አገሩ ራሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዎልፍስቡርግ የተቃኘ ካርቡራቶር እዚህ ከአየሩ የሚበልጥ ቤንዚን ያፈሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልነደደው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ፋሻውን ያስበላዋል። ስለዚህ የነዳጁ ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበ ይለወጣል፤ የእሳቱም ሰዓት እንደገና ይቃኛል። ሽማግሌው ይህን የሚያደርጉት ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን እያዩ፣ ጭሱን እያሸተቱ፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ እያዘነበሉ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ፍርድ ስጡ። ለሌላ መኪና የተሠራን ሞተር፣ ለሌላ ዘመን ከተሠራ የማርሽ ሣጥን ጋር፣ ለሌላ አየር ከተቃኘ ካርቡራቶር ጋር አስታርቆ በእንጦጦ ዳገት ላይ የሚያዘምር ሰው ጠጋኝ ብቻ ነው? ይህ ፈጠራ ካልሆነ ፈጠራ የቱ ነው?

የጋራዡ አማርኛ

እነዚህ የንጽሕና ጠበቆች ሳያውቁት በራሳቸው አንደበት ይረታሉ። ስለ መኪና ሲከራከሩ ምን እያሉ ነው የሚከራከሩት? ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ማርሚታ በዚያ ቋንቋ ድስት ነው፤ ካንዴላ ሻማ ነው። የእኛ የጋራዥ ሰው እነዚህን ቃላት ተቀብሎ፣ በአማርኛ ሰዋስው አስሮ፣ «ካንዴላው ጠቆረ»፣ «ማርሚታው ተቀደደ» እያለ ሲናገር ኖሯል። አማርኛ በዚህ ምክንያት ሐሰተኛ ቋንቋ ሆነ የሚል ሰው አለ? የለም። ቋንቋ የሌላውን ክፍል ወስዶ በራሱ አካል ላይ ሲገጥም ይከብራል እንጂ አይረክስም። በቃላችን የምንፈቅደውን በሞተራችን ስለምን እንከለክላለን?

ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ የቃላት ሀብት የሚሰበስበው ማጣቱ ነው። የአዝመራ ቃል፣ የሽመና ቃል፣ የቤተ ክህነት ቃል የሚያጠና ምሁር አለን። ዘይት የነካው ቃል ግን እንደ ዘይት የነካው እጅ ከሩቁ ይታያል። ሥሩ የቆየ ነው። ባለ እጅን «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» እያሉ መዝለፍ የተለመደ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አራቀው፤ ከልብ ግን ፈጽሞ አላወጣውም። ያ ንቀት ዛሬ ልብሱን ቀይሮ፣ የትርዒት ዳኛ ሆኖ፣ የሞተር ቁጥር ይጠይቃል።

ታዲያ ሐሰት የቱ ነው?

ተቃራኒውን ወገን ሙሉ በሙሉ ባዶ አላደርገውም። ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቆየ፣ ማንም ያልነካው መኪና ቢገኝ ሞተሩን አውጥቶ መጣል ጥፋት ነው። የሚለወጥ ከሆነም አሮጌው ሞተር በዘይት ተቀብቶ፣ ተሸፍኖ መቀመጥ ይገባዋል። ክፉ ሥራም አለ፤ ላሜራውን የሚጥል፣ ቮላኖውን በመዶሻ የሚያስገባ፣ በማይመጥን ብሮንዚና የሚሸፍን ጠጋኝ መነቀፍ አለበት። የእኔ ሚዛን «ከየት መጣ?» የሚል ሳይሆን «እንዴት ተሠራ?» የሚል ነው።

እውነተኛው ሐሰት ሌላ ነው። በዓለም ገበያ ላይ የቁጥር አምልኮ ስለ ነገሠ፣ የተለወጠውን ሞተር ቁጥር ፍቀው የድሮውን ቁጥር የሚቀርጹበት ሰዎች ተፈጥረዋል። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» እንደሚባለው፣ የትውልድ ሐረግ ብቻ የሚጠይቅ ዳኛ ሐሰተኛ የትውልድ ሐረግ ይወልዳል። የመምህሩ ኮምቢ ግን አባቱን አልደበቀም። የሞተሩ ቁጥር እንዳለ ነው፤ ባለቤቱም ከማን መኪና እንደ ወረደ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። እውነት ማለት ይህ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የእኔ የግል ፈሊጥ አይደለም። ስለ ሐውልቶችና ሕንፃዎች ጥገና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ በአንድ ሥራ ላይ ልዩ ልዩ ዘመናት የጨመሩት ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ መከበር እንዳለበት፣ የጥገና ዓላማም ሁሉን አንድ ወጥ ማድረግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የጎደለው ሲተካም አዲሱ ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ጥገናው ታሪክን እንዳያጭበረብር ያዛል። ለድንጋይ የተፈቀደ ክብር ለብረት የማይፈቀድበት ምክንያት የለም።

ምን ይደረግ?

ነገሩ አስቸኳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለ ውሳኔው ጥቅምና ጉዳት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ የሚያስከትለውን ግን ማየት ይገባል። የቤንዚን ሞተር በጆሮ የሚቃኝ፣ የጠጉር ውፍረት በጣቱ የሚለይ ትውልድ ከእንግዲህ ተተኪ ላይኖረው ይችላል። ያየኋቸው ሽማግሌ አጠገብ አንድም ደቀ መዝሙር አልነበረም። ሞተሩ ተቀምጦ ይቆያል፤ ብረት ነውና ይታገሣል። እጁ ግን አይታገሥም፤ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ የአሮጌ መኪና ትርዒት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከቁጥሩ አስቀድመው የኋላውን ክዳን ይክፈቱ፤ ሞተሩን ያስነሡ፤ ያደሰውን ሰው ስም ከባለቤቱ ስም እኩል ይጻፉ። እያንዳንዱ እድሳት መዝገብ ይኑረው፤ ምን ወጣ፣ ምን ገባ፣ ምን ተለካ፣ ማን ሠራው የሚል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤተ መዘክር እንደሚወስዱ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ጋራዥ ይውሰዱ፤ የጋራዡን ቃላትም በደብተር ያስመዝግቡ። የባህል ሠራተኞች ከክራር ቀጂው ዘንድ ያደረሱትን መቅረጸ ድምፅ ወደ መካኒኩም ያድርሱት። ሠዓሊያንና ደራስያንም የዘይቱን እጅ ይዩት፤ የአገሩ ገበሬና ሸማኔ በሥዕልና በልቦለድ ቦታ እንዳገኙ፣ ይህም እጅ ቦታ ይገባዋል።

የመምህሩ ኮምቢ ሽልማት አላገኘም። ከትርዒቱ በር ተመልሶ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ጨርሷል። ሽማግሌው በማለዳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ የቫልቮላዎቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ እንደገና አስተካክለው፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ለውጠው ሸኙት። ሦስተኛው ሲሊንደር አልጋለም። ላሜራዋ ሥራዋን እየሠራች ነው። የሚቀጥለው ዳኛ ቁጥሩን ከመጠየቁ በፊት ዝቅ ብሎ እሷን ይያት።